ከጥጡ ክምር ላይ ያየሁት ቀንድ

አዲስ የጥጥ ፍራሽ ሲዘረጋ የሚወጣው ሽታ እስከ ዛሬ ወደ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ይመልሰኛል። ከጥቅምት ጀምሮ የአካባቢው እርሻ ጥጥ በጆንያ ተጠቅጥቆ እየመጣ ከጣቢያው ጓሮ ይከመር ነበር፤ እኔም ከሰው ጋር ማውራት የማልደፍር ልጅ ስለነበርኩ፣ ከክምሩ ጫፍ ወጥቼ ሜዳውን ሳይ እውል ነበር።

አባቴ የጣቢያው ቲኬት ሻጭ ነበር። ሁልጊዜ ከእራት በፊት ከቅዱስ መጽሐፍ መዝሙር ያስነብበኝ ነበር፤ ድምፄ ጮክ ብሎ የሚወጣው ያኔ ብቻ ነበር። በቤታችን የዋሸ ልጅ ግን ጥፋቱን እስኪያምን መጽሐፉን አይነካም ነበር።

በኅዳር አንድ ቀን፣ መዝሙሩ «አንድ ቀንድ ያለው» የሚለውን አውሬ ከሩቅ አየሁት፤ ግራጫ ነበር፣ ቀንዱም እንደ ጦር የቀና። ለአባቴ ስነግረው፣ ያየሽው ሳላ የሚባለው የበረሃ አውሬ ይሆናል፣ ሳላ ደግሞ ሁለት ቀንድ አለው አለና ዋሽቻለሁ እንድል ጠየቀኝ። እኔ የቆጠርኩት አንድ ስለነበር አላልኩም። መጽሐፉ ለታናሽ እህቴ ተሰጠ፤ እሷ እየተደናቀፈች ስታነብ እኔ ጥግ ይዤ እሰማ ነበር። የሰፈሩ ልጆችም ግንባራቸው ላይ ጣት ቀስረው «ባለ አንድ ቀንዷ መጣች» ይሉኝ ነበር።

ገና አልፎ፣ ጥር ገብቶ የመጨረሻው ጥጥ ሊጫን ሲል፣ ሐዲድ ጠጋኙ ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ አባቴን «አንተ ሰውዬ፣ ለመሆኑ የት ቆማ እንዳየች ጠይቀሃታል?» አሉት።

አልጠየቀም ነበር። በማግስቱ ከሰዓት የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ጆንያ ለጆንያ ተንጠላጥሎ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ብዙ ጠበቅን። ሳላዎቹ ከግራሮቹ ጥላ ሲወጡ አንዱ ጎኑን ሰጥቶን ቆመ። ቀንዱ አንድ ነበር። ሳላው ፊቱን ወደ እኛ ሲያዞር ሁለት ሆነ።

«አንዱ ሌላውን ጋርዶት ነው» አለኝ። «አልዋሸሽም።»

ጋሽ ሰይድ ይህን ሰምተው ሳቁና፣ በልጅነታቸው በተማሩት ዐረብኛ ነጩን የበረሃ ሚዳቋ «ሪም» እንደሚሉት ነገሩን። የዚያን ዕለት መጽሐፉ ወደ እኔ ተመለሰ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመዝሙሩ አውሬ በዕብራይስጥ «ርኤም» እንደሚባል፣ የጋሽ ሰይድ «ሪም»ም ዘመዱ እንደሆነ ተማርኩ። ቃሉ መጀመሪያ የሚጠራው ሁለት ቀንድ ያለውን ኃይለኛ የዱር በሬ ሳይሆን አይቀርም፤ «አንድ ቀንድ» ብለው የጻፉት የግሪክ ተርጓሚዎች ናቸው። ለምን እንደሆነ በእርግጥ የሚያውቅ የለም፤ አንዳንዶች እንስሳው በጎኑ ከተሳለበት ሥዕል የመጣ ነው ይላሉ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ።

ያኔ የማውቀው ያየሁትን ብቻ ነበር፤ ዛሬ ቃሉን ከነምንጩ አውቀዋለሁ፣ አስተምረዋለሁም። አንድ ልጅ የማይሆን ነገር አየሁ ሲለኝ ግን፣ መጽሐፍ ከመግለጤ በፊት የት ቆሞ እንዳየ እጠይቀዋለሁ፤ ከተቻለም አብሬው ሄጄ እቆማለሁ።