የማለዳው መርፌ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ደግሞ ለመጠርጠር ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው ነበርኩ፤ ወላይታ ሶዶ ውስጥ የዞን ኦዲተር። ጥርጣሬን ግን ከመሥሪያ ቤት አይደለም የተማርኩት፤ ከአባቴ ነው። አባቴ ቤንዚን ሲገዛ በጣቱ ነክቶ የሚያሸት፣ መካኒክ ሞተር ሲፈታለት ዱካ ስቦ አጠገቡ የሚቀመጥ፣ ቅቤ ሻጭዋ ዘመዱ ብትሆንም ቅቤውን ገልብጦ ከሥር የሚያይ ሰው ነበር።

ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታው ሲቃረብ አንዲት ቀይ መኪና ገዛ። ባለ ሁለት በር፣ ከመሬት ዝቅ ያለች፣ ለፍጥነት የተሠራች ነበረች። ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ ነው የሸጠለት። ለሶዶ መንገድ አትሆንም ያላለው ሰው አልነበረም፤ እሱም ለመንገዱ አይደለም ለራሴ ነው የገዛኋት ይል ነበር።

መንዳት ሲያስተምረኝ ከፍሬን በፊት ያሳየኝ ከመሪው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ክብ መለኪያ ነው፤ የዘይት ግፊት የምታሳየውን። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ዘይቱ ወፍራም ነው፤ ስለዚህ ቁልፉ ሲዞር መርፌው ወዲያው ወደ ላይ መውጣት አለበት። ሞተሩ ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፣ መርፌውም ወደ መሀል ይወርዳል። እስኪወርድ ድረስ ነዳጅ አይረገጥም፤ ከእንቅልፉ የነቃን ሰው ወዲያው ሩጥ አይሉትም አለኝ።

በኋላ ዓይኑ ደከመ። ፊት ለፊት ጥቂት ያያል፣ እንደ መርፌ ያለ ቀጭን ነገር ግን አይለይም፤ ከጎን ያለው ጭራሽ ጠፋበት። አንድ የገበያ ቀን አንዲት ሴት በጀርባዋ የተሸከመችውን የቦዬ ሥር በመኪና ጎን ጠርጎ መንገድ ላይ በተነው። ሴትየዋ እግዚአብሔር ይመስገን አልተነካችም። የዚያን ሳምንት ወንድሞቼ ከአዲስ አበባ መጡ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ተጠሩ፣ ነገሩም ተቆረጠ፦ አባቴ ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ከነካ መኪናዋ በዚያው ሳምንት ትሸጣለች። እስከዚያ እኔ እንድነዳት፣ ነገሩንም እንድጠብቅ ተባለ። አንደኛውን ቁልፍ ተቀበልኩ፤ ሁለተኛውን ግን ቤቱን ሁሉ ፈልገን አጣነው። አባቴ እሺ አለ። አንዴ ብቻ ነው ያለው፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እኔ የምኖረው ባሌ በተከራየው ቤት ነው፤ ግቢው መኪና አያስገባም። ስለዚህ መኪናዋ እወላጆቼ ግቢ ታድራለች፣ እኔ በየጠዋቱ በእግሬ ሄጄ አወጣታለሁ። ባጃጅ ሶዶ ከገባ ገና ብዙ ያልቆየበት ጊዜ ስለነበር ሴት በቀይ መኪና ስትሄድ ከተማው ሥራ ፈትቶ ያያል። በመሥሪያ ቤታችን ግምገማ ላይ እንኳ አንዱ ተነስቶ እህታችን ይህችን መኪና ከየት እንዳመጣች ትንገረን አለ። የአባቴ ናት አልኩ። ተጻፈ፤ ያመነኝ ግን ያለ አይመስለኝም።

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ካለፈ በኋላ፣ የዳሞታ ተራራ ብርድ ወደ ከተማው በሚወርድበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ቁልፉን አዞርኩ። መርፌው ወደ ላይ መውጣት ሲገባው መሀል ደረሰና ቆመ። ሌሊቱን በብርድ ያደረ ሞተር እንዲህ አያሳይም። ወርጄ ኮፈኑን በመዳፌ ነካሁት። እንደታመመ ሕፃን ግንባር ይሞቃል።

ሰው ነድቷታል ማለት ነው። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው የወላጆቼ ግቢ ዘበኛ ላይ ነው። ከሃላሌ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ ዝምተኛ ሰውዬ ነው፤ ዝምተኛ ሰው ደግሞ ለኦዲተር አይመችም። ማን ወሰዳት ብዬ አፋጠጥኩት።

«እኔ በሩን አልከፈትኩም። መኪናዋ አልወጣችም» አለኝ። ይህን ሲል ግን እኔን ሳይሆን የቤቱን በር ነበር የሚያየው።

አላመንኩትም። በጎህ ለሙሽራ የሚያከራያት፣ ወይም ሻንቶ ገበያ የሚያደርስባት ወዳጅ አለው ብዬ ደመደምኩ። ማታ መኪናዋን ሳቆም በአራቱም ጎማዎች ፊትና ኋላ የእንሰት ቅጠል ቁራጭ ሸጎጥኩ። ጠዋት ስመጣ ኮፈኑ ሞቋል፤ ቅጠሎቹ ግን አንዳቸውም አልተጨፈለቁም። በማግስቱም እንደዚያው። መኪናዋ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ትሞቃለች። ሞተሩም ስታስነሳው ከሥር ቀስ ብሎ ማንኳኳት ጀምሯል።

የትም ላይሄድ መኪና የሚያስነሳ ማን ነው? መልሱ ወዲያው ነው የመጣልኝ፤ ደስ ስላላለኝ ገፋሁት። ዘበኛው ቢሆን ይባረራል፣ ያልቃል። አባቴ ከሆነ ግን ለወንድሞቼ መንገር አለብኝ፣ መኪናዋም ትሄዳለች። ዘበኛው በሆነ ብዬ ከልቤ ተመኘሁ። እናቴ ዘንድ ገብቼም ይህን ሰውዬ አሰናብቺው አልኳት። የቃሪያ ዳጣ እየፈጨች ነበር።

«እሱ ምንም አላደረገም» አለች፣ ቀና ሳትል።

በሥራዬ የማውቀው ነገር አለ፦ እርግጠኛ ሆኖ «ምንም አላደረገም» የሚል ሰው ማን እንዳደረገው ያውቃል።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ሄድኩ። ጭጋጉ አጥሩን ውጦታል። ዘበኛው ሲያየኝ አልደነገጠም፤ ግን ጉሮሮዬን ያዘኝ እንደሚል ሰው ጮክ ብሎ አሳለ። ዝም እንዲል በእጄ ምልክት ሰጠሁትና በአቮካዶው ዛፍ በኩል ዞርኩ።

አባቴ ካፖርቱን ለብሶ መሪው ፊት ተቀምጧል። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ከጎኑ። የእሷ መስኮት ግማሽ ድረስ ወርዷል። ቁልፉን አዞረ። ቀዩ የዘይት መብራት በራ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ያ ማንኳኳት ተሰማ፤ አሁን ጎላ ብሏል።

«መርፌው ወጣ?» አላት በወላይትኛ።

«ወጥቷል» አለችው።

ተጠጋሁ። ቀዩ መብራት አልጠፋም፤ መርፌው ከታች ተኝቷል። እናቴ መለኪያውን አላየችውም። የምታየው የአባቴን ፊት ነው። እሱ ጀርባውን አቃንቶ፣ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ ስላለ አንድ ጠመዝማዛ ይነግራት ጀመር። ድሮ በዝናብ እንዴት እንዳለፈው፣ ረዳቱ እንዴት ዘሎ እንደወረደ። እሷ ትስቃለች። መርፌው ዘግይቶ እንደምንም ወደ መሀል ሲነሳ እንኳ አንዳቸውም አላዩትም። ሲበቃው አጠፋና ቁልፉን ሰጣት። እሷም በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። የጠፋው ሁለተኛው ቁልፍ ነው፤ ስንፈልገው አብራን ስትፈልግ ነበር።

ተናደድኩ። አባቴ ወደ ቤት እስኪገባ ጠብቄ እናቴን ማድ ቤት አገኘኋት። ለምን ትዋሺዋለሽ፣ ሞተሩ እየሞተ ነው፣ መርፌው ወርዷል አልኳት።

ለእሳቱ ጭራሮ ሰበረች። «ወርዷል ብዬው ነገ ከአልጋው ይነሳል?» አለችኝ። ሽማግሌዎቹ ከሄዱበት ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት ድረስ ይተኛ እንደነበር ያኔ ነው የነገረችኝ። እኔ በየጠዋቱ ቁልፍ ይዤ ስወጣና ስገባ አንድም ቀን አልጋው ድረስ ሄጄ አላየሁትም።

እሷን መቆጣት ሲያቅተኝ ወደ እሱ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ፀሐይ ሊሞቅ ተቀምጧል። ማነሽ ሳይል በእግሬ ኮቴ አወቀኝ። እንዳየሁት ነገርኩት። ቆማ የምትሠራ መኪና ቤንዚኑ ዘይቷ ውስጥ እየገባ ያቀጥነዋል ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ሲያንኳኳ አይሰማህም ወይ አልኩት።

«የሚያንኳኳው ብሮንዚኑ ነው፤ ዘንጉ የሚዞርበት ብረት ተበልቶ ሄዷል። ሳምንቱ ሆነ» አለ፣ ስለ ሰው መኪና እንደሚያወራ።

«እማማ ወጥቷል ትልሃለች እኮ።»

«እናትሽ መርፌው የት እንዳለ እንኳ አታውቅም።» ፈገግ አለ። «መጀመሪያ ሰሞን ጠረጠርኳትና አንድ ቀን ሞተሩን ሳላስነሳ ጠየቅኋት። ወጥቷል አለችኝ።»

እኔም ሳቅ መጣብኝ፤ አልሳቅሁም። ታዲያ እንደማታውቅ ካወቅህ ለምን በየቀኑ ትጠይቃታለህ አልኩት። ከውስጥ የእናቴ የሳሕን ድምፅ ይሰማል፤ ወደዚያ ጆሮውን አዘነበለ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«ካልጠየቅኋት በዚህ ብርድ ምን ብላ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ልጄ?»

የዚያን ቀን መኪናዋን ሳልነካት በባጃጅ ሥራ ገባሁ። ከዚያ በኋላም ነድቻት አላውቅም፤ ለባሌ ተበላሽታለች አልኩት፣ እውነትም ነበር። ዘበኛውን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እሱ ደግሞ ምን እንዳደረግሁት ያላስተዋለ ይመስል ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

የእሑድ ለት ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ። እንደ ሁልጊዜው ስለ ጤናችን ጠይቆ ሲያበቃ አባባ ቁልፍ ነክቷል ወይ አለኝ።

አልነካም አልኩት።