ወንዱ አራስ

ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ በእኛ ብሎክ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ የሽንት ጨርቅ ሲያሰጣ የታየ የመጀመሪያው ወንድ እኔ ነኝ። አላፍርበትም። ያኔ የብሎኩ ሰው «ወንዱ አራስ» የሚል ስም አወጣልኝ። ከታች ያለችው ጎረቤታችን ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ገንፎ ላምጣልህ እንዴ ትለኝ ነበር። አምጪ፣ ቅቤው ግን በዛ ይበል እላት ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቴ ልጃችንን የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። ጎንበስ ማለት አትችልም፣ ዕቃ ማንሳት ተከልክላለች። ኮንዶሚኒየሙ ከደረሰን ገና ዓመት አልሞላንም። ሊፍት የለም፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቅ ይላል፣ ዙሪያው ሁሉ ግንባታ ስለሆነ መስኮት ከከፈትክ ሻይህ ላይ ሲሚንቶ ያርፋል። እኔ ኤርፖርት፣ ካርጎ ክፍል ነው የምሠራው፤ ዕቃ አሻጊና ጫኝ ነኝ። አበባው፣ ሥጋው፣ ሁሉም ነገር ወደ ውጭ ልሂድ ልሂድ የሚልበት ዘመን ስለነበር ሥራው ፋታ አይሰጥም።

አማቴ ልጃቸውን ሊያርሱ ከላምበረት መጡ። ላምበረት ገና የጤፍ ማሳ በነበረ ጊዜ ያደጉ ሴት ናቸው። ሰባት ልጅ አሳድገዋል፣ ኦሮምኛና አማርኛውን እያቀላቀሉ ያወራሉ፣ ሲቆጡ ግን በሁለቱም ዝም ነው የሚሉት። የእርሻው መሬት ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል። የቀረቻቸው ጓሮ የታሰረች አንዲት ላም ነበረች፤ ከእሷ የወጣ ቅቤ በጣሳ ይዘው ነው የመጡት። ጠዋት ጠዋት ልጅቷን ምድጃው አጠገብ ዘርግተው፣ ከአናቷ እስከ እግር ጥፍሯ በዚያ ቅቤ እያሹ ይዘፍኑላታል።

ልጅቷን መጀመሪያ ያደረግንላት ዳይፐር ነበር። በሦስተኛው ቀን ጭኗ መሐል ቀላ፣ ከዚያ ተላጠ። ሐኪሟ አንዳንድ ሕፃን አይስማማውም፣ ጨርቅ አድርጉላት አለች። ጥሩ፣ ጨርቅ አደረግን። ቆዳዋም ዳነ። ጨርቁ ግን ያፈሳል። የልጅቷ ልብስ ይረጥባል፣ የሚስቴ ጋቢ ይረጥባል፣ ፍራሹ ይረጥባል። አራስ ጥየቃ የመጣ ሰው አቅፏት ሲነሳ ሱሪው ላይ የዓለም ካርታ ይዞ ነው የሚሄደው። በአስራ አንደኛው ቀኗ ልጅቷ ማስነጠስ ጀመረች።

ሰኞ ዕለት አማቴ ዝምታቸውን ጨርሰው ተናገሩ።

«እሁድ ወንድሜ መኪና ይዞ ይመጣል። ልጄንም ልጇንም እስከ ክርስትናዋ ላምበረት እወስዳቸዋለሁ። እኔ ይኼን ደረጃ አልቻልኩትም። ሕፃን ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ አይከርምም።»

የሴት ልጅ ክርስትና ሰማንያ ቀን ነው። አስቡት። ከሰሚት ላምበረት ሩቅ አይደለም ትሉ ይሆናል፤ የእኔን ፈረቃና የዚያን ጊዜ የታክሲ ሰልፍ አታውቁትም። በሳምንት አንድ ቀን ባያት ነው፣ እሱም እንደ እንግዳ ሶፋ ላይ ተቀምጬ።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መጀመሪያ ያየኝ ቆሜ መሄድ ከጀመርኩ በኋላ ነው። እናቴ እንደነገረችኝ ሊያቅፈኝ እጁን ሲዘረጋ ጮኼ ቀሚሷ ሥር ተደበቅኩ። ሰውየው ያቺን ነገር እስኪሞት አልረሳትም፤ ቅር ሲለው «ድሮም ልጄ አያውቀኝም» ይል ነበር። ስለዚህ አማቴ ያንን ሲሉ የአባቴ ቃል ትዝ አለኝ። እሁድ ማንም የትም አይሄድም አልኩ፣ በልቤ። ሙያ በልብ ነው።

መጀመሪያ የሠራሁት ግን የጅል ሥራ ነው። ካፈሰሰ አጥብቀህ እሰር ብዬ አሰብኩ። ጨርቁን ድርብ አድርጌ፣ በላዩ ፌስታል ጠቅልዬ፣ ወገቧንና ጭኗን በላስቲክ አሰርኩት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ሰዓት ሳይሞላ በሁለቱም ጭኗ በኩል ፈሰሰ። ስፈታው ጭኗ ላይ ቀይ ቀለበት ወጥቶበታል። አማቴ ፌስታሉን በሁለት ጣታቸው አንስተው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተቱትና እጃቸውን ታጠቡ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

ረቡዕ ሥራ ቦታ ሥጋ እየጫንን ነበር። ሥጋና ዓሣ እኛ ዘንድ እርጥብ ጭነት ይባላል፤ አውሮፕላን ውስጥ አንድ ጠብታ ቢንጠባጠብ የጫነው ሰው ወየውለት። ስለዚህ ሕግ አለው። ከታች ላስቲክ ታነጥፋለህ፣ ጠርዙን ዙሪያውን ወደ ላይ ታቆመዋለህ፣ ውስጡ የሚጠጣ ነገር ትደርባለህ፣ ከዚያ ጭነቱን ታስቀምጣለህ። በላዩ የምታስረውን መረብ ከመጠን በላይ አታጠብቅም፤ ካጠበቅከው ጭነቱ ይጨመቅና ውሃው ጠርዝ ፈልጎ ይወጣል። ይኼን ለአዲስ ተቀጣሪ ስንቴ አስተምሬያለሁ! መረቡን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አንተ ደደብ አልኩ ራሴን፤ ሽንትም እኮ እርጥብ ጭነት ነው።

ከሥራ ስወጣ መገናኛ ወርጄ፣ ጭኑ ላይ ለስለስ ያለ ላስቲክ ያለው የሕፃን የፕላስቲክ ሱሪ ገዛሁ። ቤት ገብቼ እጄን ታጠብኩና ልጄን አልጋው ላይ አጋደምኳት። ጨርቁን መሐሉ ወፍራም እንዲሆን አጠፍኩት፤ ሴት ልጅ የምታረጥበው መሐሉንና ወደ ኋላ ነው። ጭኗ ጋ የሚውለውን ጠርዝ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ ወደ ውስጥ ቀለበስኩት። የፊቱን ከእትብቷ ዝቅ አድርጌ አጠፍኩ፣ ቁስሉ አየር እንዲያገኝ። ሳስረው በጨርቁና በሆዷ መሐል አንድ ጣቴ እንዲገባ አደረግኩ። ከዚያ የፕላስቲኩን ሱሪ አለበስኳትና በጣቴ ዙሪያውን ዳሰስኩ፤ ትንሽ የጨርቅ ጫፍ ወደ ውጭ ካሾለከ እሱ እንደ ፋኖስ ክር ውሃውን ስቦ ልብሷ ላይ ያደርሰዋል።

ያን ምሽት አላፈሰሰም። ሐሙስ ጠዋት አፈሰሰ። እንደገና አጠፍኩ፣ እንደገና አፈሰሰ። ሐሙስ ከሰዓት አማቴ የልጅቷን ልብስ አንድ በአንድ ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመሩ። ሚስቴ አልጋዋ ላይ ሆና አየችኝ፤ ምንም ማድረግ እንደማትችል ገባኝ። እናቷ ናቸው፣ ምን ትበላቸው?

አርብ እረፍቴ ነበር። ሳፋ ዘርግቼ ጨርቅ አጥባለሁ፣ እየተናደድኩ። አንዱን የታጠበ ጨርቅ ከሽቦው አውርጄ ላጥፈው ስል ከእጄ ላይ ውሃ ተንጠባጠበበት። ጠብታው አልገባም። ጎመን ቅጠል ላይ እንዳረፈ ውሃ ድቡልቡል ብሎ ተንከባለለና ጠርዙ ጋ ደርሶ ወረደ። ዝም ብዬ አየሁት። ሌላ ጠብታ ጣልኩበት፣ እሱም ተንከባለለ። ጨርቁን አሸተትኩት። ቅቤ! ለካ ጨርቁ ሁሉ ከልጅቷ ገላ ቅቤ ጠጥቶ ጠጥቶ ውሃ መጠጣት እምቢ ብሏል። ረቡዕ ማታ ያላፈሰሰው ከካርቶን ያወጣሁት አዲስ ጨርቅ ስለነበረ ነው።

አሁን ይኼን ለአማቴ ንገር እስቲ። ከመሬታቸው ሁሉ የቀረቻቸው ላም ቅቤ ነው። በዚያ ቅቤ ሰባት ልጅ አሽተዋል። ሚስቴ በሹክሹክታ ተው፣ ይቀየሙሃል አለችኝ። ይቀየሙኝ አልኩ። በልጄ መጣ።

ቅቤ የጠጣውን ጨርቅና አንድ አዲስ ጨርቅ ጎን ለጎን እግራቸው ሥር ዘረጋሁ። በማንኪያ ውሃ አፈሰስኩ። አዲሱ ዋጠው። ቅቤ የጠጣው ላይ ግን ውሃው ተንከባሎ ምንጣፉን አረጠበው። አማቴ ጎንበስ ብለው አዩት። ደግሜ አፈሰስኩ፤ ደግመው አዩት። ከዚያ ተናገርኩ።

«እማማ፣ ከወገቧ በላይ የእርስዎ ናት፣ እንደፈለጉ ይሿት። ከወገቧ በታች ግን የእኔ ናት።»

ሚስቴ ሳቋ አመለጣት፤ ስፌቱን በሁለት እጇ ይዛ እያቃሰተች ሳቀች። አማቴ አልሳቁም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ልጅቷን አንገቷን፣ ጀርባዋን፣ ክንዷን አሹና ወገቧ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ተነሥተው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ሻንጣው ግን በር አጠገብ እንደተዘጋጀ ነበር።

አርብ ከሰዓትና፣ ፈረቃ ቀይሬ፣ ቅዳሜን ሙሉ ጨርቅ ቀቀልኩ። የውሃ ቀን ስላልነበረ ከታች ከሮቶው በጀሪካን አራት ፎቅ አመላለስኩ። በትልቁ ድስት ሳሙና ፈርፍሬ ሳፈላው ቢጫ ቅባት ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ያን ደፍቼ እንደገና። ጠብታ የጣልኩበት ጨርቅ ውሃውን እስኪውጥ ድረስ አላቆምኩም። ከዚያ በረንዳውን ሙሉ አሰጣሁት። ከብሎኩ ኮሚቴ አንዱ ሰውዬ እስከ በሬ ወጥቶ የሕንፃውን ገጽታ እያበላሸህ ነው፣ ሰውም እየሳቀ ነው አለኝ። ፀሐይ ያግኘው ብዬ ነው አልኩት። በሩን ከዘጋሁ በኋላ «ምን አባታቸው!» አልኩ። አማቴ ሰሙና በአራስ ቤት ስድብ አይወጣም ብለው ገሠጹኝ።

እሁድ ወንድማቸው መጡ፤ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ መኪናቸውን ከታች አቁመው ቁልፉን በጣታቸው የሚያሽከረክሩ ሽማግሌ። ምሳ ቀረበ። አማቴ ልጅቷን አንስተው ቀጥታ ወንድማቸው ጭን ላይ፣ ነጩ ጋቢ ላይ አስቀመጧት። ሆን ብለው ነው። ፈተና መሆኑን እኔም ሚስቴም አውቀናል፤ ሽማግሌው ብቻ አያውቁም፣ ስለ መንገድ ሥራና ስለ ካሳ ያወራሉ። እኔ የበላሁት እህል የት እንደገባ አላውቅም።

ልጅቷ መጀመሪያ ተኛች። ከዚያ ነቃች። ከዚያ ፊቷ ቀላ፣ ግንባሯ ተጨማደደ፣ አማጠች። ድምፁንም ሰማነው። ሽማግሌው ሳይቀሩ ወሬያቸውን አቆሙ። አማቴ ተነሡ፣ እጃቸውን ከልጅቷ ሥር አስገብተው ጋቢውን ዳሰሱ። እጃቸውን አውጥተው ጣታቸውን አፋተጉ። ሌላውን ጎን ዳሰሱ። እንደገና ጣታቸውን አፋተጉ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ ለወንድማቸው ተናገሩ።

«አንተ ቡናህን ጠጣና ሂድ። እኔ እዚሁ እከርማለሁ። ደረጃውን ቀስ እያልኩ እለምደዋለሁ።»

ሻንጣውን እኔ ነኝ የፈታሁት። የልጄን ልብስ አንድ በአንድ መሳቢያው ውስጥ መለስኩ። ልጄ ዛሬ በቁመት እናቷን አልፋለች። ከሥራ ስገባ በሩ ላይ ኮቴዬን ታውቀዋለች።

አማቴም ዛሬ እኛ ዘንድ ናቸው። ላሚቱ የለችም፣ ጉልበታቸውም ከድቷቸዋል፤ ከታመሙ ወዲህ ሽንታቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። ሚስቴ የአዋቂ ዳይፐር ገዛችላቸው፤ ቆዳቸው ተላጠ። እንደ ልጅ ልጃቸው። ጨርቅ አደረገችላቸው፤ ፈሰሰ። ለሁለት ቀን ከክፍላቸው አልወጡም፣ ምግብም አልበሉም። በሦስተኛው ቀን ሚስቴ ዓይኗ ቀልቶ ወጣችና ያሏትን ነገረችኝ። «እሱ አጥፎ ይስጥሽ» ብለዋል።

አጠፍኩ። መሐሉን ወፍራም አደረግኩ፣ የጭኑን ጠርዝ ወደ ውስጥ ቀለበስኩ፣ በሩ ላይ ለሚስቴ አቀበልኳት። እኔ አልገባም፤ አማት ናቸው። ያን ቀን ደርቀው ዋሉ፣ ምሳም ከእኛ ጋር በሉ።

በማግስቱ የታጠበውን ጨርቅ ይዤ ወደ መታጠቢያ ቤት ስሄድ ከሶፋቸው አዩኝ። የት ልትሰቅለው ነው አሉኝ። እዚህ ውስጥ፣ ሰው እንዳያየው ብዬ ነው አልኳቸው፤ ትልልቅ ነው፣ የሕፃን አለመሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል።

«ውጭ አስጣው፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ። በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው፤ በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ጠርተውኝ አያውቁም። «ፀሐይ ያግኘው። ምን አባታቸው።»

በረንዳውን ከፈትኩና አሰጣሁት።