ከዘመቻ ያስቀረው እብጠት

የጤና ረዳት ነበርኩ። መርሳ አጠገብ ባለች አንዲት ክሊኒክ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ሐኪም በሌለበት አገር ሐኪም ተብዬ እከበራለሁ። ክብሩን አልጠላውም ነበር፤ ገበያ ስወጣ ሽማግሌ ሳይቀር ብድግ ይልልኛል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ታናሽ ወንድሜን የገደለው አለማወቅ ነው ብሎ የሚያጽናናኝ ሰው ሲመጣ፣ ምን ያህል አውቅ እንደነበር እንዲረዳልኝ ነው።

የአንገት እብጠት ለእኔ የዕለት ሥራ ነበር። እናት ልጇን አዝላ ትመጣለች፤ መንጋጋው ሥር አብጧል፤ ስነካው ይጮኻል። "ካመመውስ አይዞሽ" እላታለሁ። ጥርሱን አያለሁ፣ ጉሮሮውን አያለሁ፣ ጭንቅላቱ ላይ ቁስል እንዳለ እፈልጋለሁ፤ አንዱ ጋ መነሻው ይገኛል። እሱ ሲድን ንፍፊቱም በሁለት በሦስት ሳምንት ይሟሽሻል። እንቅርትም አለ፤ በእኛ በደጋው በኩል እንቅርት የሌለበት ቤት ማግኘት ይቸግራል፤ ሰው ተሸክሞት ያረጃል። እኔ የምፈራው የማያመውን ነበር። ጠጣር የሆነ፣ ጣት ሲገፋው የማይሸሽ፣ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ የሚያድግ፣ ይልቁንም አንገት ከትከሻ የሚገናኝበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ የተቀመጠ። በዚያ ላይ ሰውየው ከከሳና ሲተኛ ላብ ካጠመቀው፣ አንድ ቀን ሳላሳድር ወደ ደሴ ሆስፒታል እጽፍለታለሁ። ያገሬ ሰው ግን የሚፈራው የሚያመውን ነው። "ካላመመኝ ምን አደረገኝ?" ይላል። ስንቱን በዚህ ነገር ተቆጥቼ ወደ ደሴ አባርሬዋለሁ።

ወንድሜ ከወልድያ በላይ፣ ደጋው ላይ፣ ከእናታችን ጋር እየኖረ ያርሳል። ሃያ ዓመቱ ነበር። ጊዜው የውትድርና አፈሳ ዙር በዙር የሚመጣበት ነው። ገበሬ ማኅበሩ ይህን ያህል ጎረምሳ አምጣ ይባላል፣ ሊቀ መንበሩ ያመጣሉ፣ ከሄደው ወሬው እንኳ አይመለስም። ልጆቹ ላለመሄድ ያልሞከሩት ነገር አልነበረም። የቁልቋል ወተት አንገታቸውን ቀብተው፣ አሳብጠው፣ ቆዳቸው ተልጦ እያለቀሱ ክሊኒኬ የመጡ ነበሩ።

ለወንድሜ እብጠቱ ሳይጠራው መጣ። ጥር ላይ ሊቀ መንበሩ ሊወስዱት ቤት ሲደርሱ እናቴ የልጇን ጋቢ ከትከሻው ገፍፋ አሳየቻቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ "የሐኪም ወረቀት ያምጣና ይቅር" አሏት። በማግስቱ እናትና ልጅ መኪና ለምነው መርሳ ወረዱ።

"እንቅርት ወጣለት። ያባቱ ነው መቼም" አለችኝ እናቴ። ፊቷ የበዓል ፊት ነበር።

ወንድሜን አስቀምጬ ነካሁት። ከግራ ትከሻው በላይ ነው፤ ትንሽ ሎሚ ያህላል። ገፋሁት፤ አልሸሸም።

"ያምሃል?"

"ኧረ ምንም።"

"ስትተኛ ያልብሃል?"

እናታችንን አየት አደረጋትና "ድርብርብ ለብሼ ስለምተኛ ይሆናል" አለኝ። ሱሪው ሰፍቶት ወገቡን በገመድ አስሮታል።

እንቅርት እንዳልሆነ በዚያች ደቂቃ አውቄያለሁ። እንቅርት እዚያ ቦታ አይወጣም። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ደሴ የሚወስደውን ወረቀት ጽፌ በጨረስኩ ነበር። ነገር ግን ደሴ ብልከው ቆርጠው ያወጡለታል፤ ቆርጠው ካወጡለት ጤነኛ ነው፤ ጤነኛ ከሆነ ይዘምታል። እናቴ ዓይኔን እያየች ነው። የአንገት ቲቢ ሊሆንም ይችላል፣ ቲቢ ደግሞ ይታከማል፣ ይህች ዙር እስክታልፍ ብንቆይ ምን አለ አልኩ። "የእንቅርት ሕመም ስላለበት ለውትድርና ብቁ አይደለም" ብዬ ጻፍኩና ማኅተም መታሁበት። እናቴ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፤ አፍሬ አነሳኋት።

ከዚያ ወዲያ እብጠቱ ባገሩ ታወቀ። ሌላው ሰው አንገቱን በሻሽ ይሸፍናል፤ ወንድሜ ሐራ ገበያ የሚሄደው የሸሚዙን ቁልፍ ከፍቶ ነው። ጓደኞቹ "እባክህ ግማሹን አበድረን" እያሉ ያሾፉበታል። አንድ ወጌሻ በጋለ ብረት ልተኩሰው ብሎ ቢጠይቅ፣ እናቴ "አንተ ልትዘምትለት ነው?" ብላ ከደጇ መለሰችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እኛ በየገበያው እያሳየን ነው መድኃኒት የከለከልነው። እኔም በየወሩ ወጥቼ እነካዋለሁ። በየወሩ ጨምሯል። በየወሩ "የሚቀጥለው ዙር ይለፍ" እላለሁ።

ሰኔ ላይ ማረስ አቃተው። ሁለት ፈር ሄዶ ሞፈሩን ይዞ ይቆማል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በብብቱ ሥር ሌላ ወጣ። ያኔ ነው ደሴ ይዤው የሄድኩት። የመረመረው ሐኪም እጁን ከአንገቱ ሳያነሳ ወደ እኔ ዞረ።

"የጤና ባለሙያ ነህ አሉኝ።"

"ነኝ።"

"ይሄ መቼ ነው የወጣው?"

"ጥር ላይ።"

ወንድሜ ልብሱን ሊለብስ ሲወጣ፣ ካንሰር መሆኑንና ወደ ውስጥም መግባቱን ነገረኝ። ቀደም ብሎ ቢመጣ ምን ይደረግለት እንደነበር አልጠየቅኩትም። እሱም አልነገረኝም። ባይነግረኝም አውቀዋለሁ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ወንድሜ "ያን ቀን መርሳ ስትነካኝ አውቀኸው ነበር?" አለኝ።

"እንቅርት መስሎኝ ነበር" አልኩት።

"እኔም እንደሱ ነው የመሰለኝ" አለ፤ እንዳጽናናኝ ቆጥሮ። ወረቀቱን የጻፍኩት ፈርቼ ነው፤ ለዚያ አንዳንዴ ራሴን ይቅር እለዋለሁ። ለዚህች ውሸት ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ አላገኘሁም።

መስከረም ሳይጋመስ ሞተ። ለቅሶው ላይ ልጆቻቸው በአፈሳ የሄዱባቸው ሴቶች እናቴን ከበዋት ተቀምጠዋል። አንዷ "አይዞሽ" ስትላት እናቴ ቀና አለች።

"የናንተ ልጆች የት እንደወደቁ አታውቁም" አለች። "የኔ እቅፌ ውስጥ ነው የሞተው። ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ፤ መቃብሩም ያውላችሁ። ይኸን ያደረገልኝ ወንድሙ ነው።" ወደ እኔ ጠቆመች።

ሴቶቹ ዞረው አዩኝ። ከዚያም በየተቀመጡበት ሆነው "እድሜ ይስጥህ፣ የናትህን እንባ ያበስክ" እያሉ መረቁኝ። ምርቃት ሲሰጥ ዝም አይባልምና አሜን አልኩ።