ብረት ወይስ ስቱኮ

ባለፈው ቅዳሜ አዲስ የገዛሁትን ፍሪጅ ከወንድሜ ከለሚ ጋር ተጋግዘን ደረጃውን አውጥተን ቤት ካስገባነው በኋላ፣ ውኃ ልቀዳለት ጓዳ ገብቼ ሳለሁ ከኋላዬ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማግኔት ብረት ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው አጭርና ደረቅ ድምፅ ነበር። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያን ድምፅ ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጅ ሳለሁ ግን በገዛ እጄ በየዕለቱ ሠላሳ አርባ ጊዜ አሰማው ነበር።

አባቴ ገመቹ መካኒክ ነበር። ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ ቆርቆሮ የለበሰች ጋራዥ ነበረችው፤ ቤታችንም ከዚያው ግቢ ጀርባ ነበር። ሰው የሚያውቀው ግን ከጥገናው ይልቅ በግምቱ ነበር። የመቂ ሽንኩርት ነጋዴ አሮጌ የጭነት መኪና ለመግዛት ሲያስብ፣ የመተሐራ ሰው ሚኒባስ ሲያማርጥ፣ ቀብድ ከመስጠቱ በፊት መኪናውን ወደ አባዬ ያመጣ ነበር። አባዬ የሞቀ ሞተር አይገምትም፤ «የሞቀ ሞተር እንደ ጠጣ ሰው ነው፣ ሁሉም ደህና ነው ይላል» እያለ መኪናው ግቢያችን እንዲያድር ያደርግና፣ በማግስቱ ጠዋት ኮፈኑን በመዳፉ ዳብሶ መቀዝቀዙን ካረጋገጠ በኋላ፣ ረጅሙን ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር።

ቦዲው የእኔ ድርሻ ነበር። ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ክብ ማግኔት ነበረኝ፤ ቀለም እንዳይጭር በእናቴ አሮጌ ስቶኪንግ ጠቅልዬው፣ ከግራው የፊት ጎማ በላይ ጀምሬ መኪናውን እየዞርኩ፣ በየስንዝሩ አስጠግቼ እለቀዋለሁ። ከያዘ «ብረት» እላለሁ፤ ሳይዝ ሲወድቅ በሌላው እጄ ቀልቤው «ስቱኮ» እላለሁ። የተጋጨ መኪና ጉድጓዱ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ተልጎና ቀለም ተቀብቶ ሲመጣ ዓይን አይለየውም፤ ማግኔት ግን አይሸወድም። ከሁለቱ ቃላት ሌላ እንድጨምር አይፈቀድልኝም ነበር። «ዋጋው አያገባሽም፣ ያለውን ብቻ በይ» ይለኝ ነበር አባዬ። የመኪና ደላላው ሸምሱ በዚህ የተነሳ «ዶክተር ጽጌ» ይለኛል፤ «ዶክተሯ ስትመጣ የታመመ መኪና ሁሉ ይንቀጠቀጣል» እያለ ገዢዎቹን ያስቅ ነበር። እኔ አልስቅም። በዚያ ማግኔት አንድም ቀን ስቼ እንደማላውቅ ስለማውቅ እኮራ ነበር።

የእኛም መኪና ነበረችን። ቀይ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ የጣሊያን ሥሪት የድሮ የስፖርት መኪና ነበረች። አባዬ በወጣትነቱ ወንጂ የሸንኮራ እርሻ ውስጥ ሲሠራ፣ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ በጥድፊያ ከአገር ሲወጣ ሊብሬዋን በስሙ አዙሮለት ሄደ። አባዬ እሑድ እሑድ ሸራዋን ገፎ ያጥባትና፣ ሞተሯን አስነስቶ ጥቂት ካዳመጣት በኋላ መልሶ ያለብሳት ነበር። አንድም ቀን ገበያ ሲሄድባት አይቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ለምን እንደሚያስቀምጣት አልገባኝም፤ አሁን ሳስበው፣ በሕይወቱ ማንም ሳይከራከረው ያገኘው ነገር እሷ ብቻ ነበረች።

በአንድ ሚያዝያ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን በሚያስጮህበት ሰሞን፣ ታላቅ ወንድሜ ለሚ አባዬ ለቅሶ በሄደበት ቀን መኪናዋን አውጥቶ፣ በሶደሬ መንገድ ሲጋልብባት ቆይቶ ከጋሪ ጋር ተጋጭቶ መጣ። ፈረሱ ተርፎ ነበር፤ ከቀኙ የኋላ ጎማ በላይ ግን ብረቱ ሁለት መዳፍ ያህል ተጨራምቶ ተቀደደ። አባዬ አልተቆጣም፣ ለሦስት ሳምንት ሲቀጠቅጥ፣ ስቱኮ ሲሞላ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲልግ ሰነበተ። ቀለሙ ደርቆ ከጨረሰ በኋላ ጠርቶኝ፣ «የቱ ጋ ነው?» አለኝ። በዓይኔ አጣሁት። ፈገግ ብሎ «ማንም አያገኘውም፣ ከአንቺ ማግኔት በቀር» አለ።

ክረምቱ ገብቶ ጎርፉ የጋራዡን ደጅ በሚያጥለቀልቅበት ወቅት ለሚ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ጠፋ። አንድ ቀን ከካርቱም ደውሎ ደህና ነኝ አለን፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ፤ እናቴ ስልኩን እያቀፈች ትውል ጀመር። ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ምሳ ቀርቦ ሳለ ስልኩ ጮኸ። መጀመሪያ የለሚ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ አማርኛ አጥርቶ የሚናገር ሰው ስልኩን ተቀብሎ፣ ልጃችን ሊቢያ ውስጥ እጃቸው ላይ መሆኑን፣ መቶ ሃያ ሺ ብር እስከ ገና ካልገባላቸው ሬሳውን በረሃ ላይ እንድንፈልግ፣ የጎማ ዋጋ እንደሚናገር ሰው በረጋ ድምፅ ነገረን። አባዬ «ትንሽ ቀንሱ እንጂ» አለ። ዕድሜውን ሙሉ ዋጋ በተጠራለት ቁጥር ሲመልሰው የኖረው ቃል ነበርና ከአፉ አመለጠው። ሰውየው ሳቀና ዘጋው። እናቴ አባዬን አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን አላናገረችውም።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ሸምሱ ከአዲስ አበባ ገዢ ይዞ መጣ። አቶ መኩሪያ የሚባሉ፣ የድሮ መኪኖችን ሰብስበው ለሠርግ የሚያከራዩ ሰው ነበሩ፤ የጥር ሠርግ ሳይገባ ቀይ መኪና ይፈልጋሉ። ማታውን ሆቴል አድረው፣ ጠዋት ሞተሯ ቀዝቅዞ ሳለ መጡ። ሸራዋ ሲገለጥ ቀረብ ብለው ኮፈኗን ዳበሱ። ሸምሱ ቀደም ብሎ፣

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለችው ዋጋ አትጠየቅም፣ ሽማግሌ ነው የሚላክባት!» አለ።

«አንተ ሽማግሌ ሆነህማ ሙሽራዋ ትቅርብኝ» አሉት አቶ መኩሪያ፤ ከዚያ ወደ አባዬ ዞረው፣ «የሰው መኪና ሲገምቱ አይዋሹም አሉኝ። የራስዎንስ?»

«የራሴን አልገምትም» አለ አባዬ። «ከፈለጉ ከሞጆም ከወንጂም ገማች ያስመጡ።»

«ምን ያደርግልኛል፣ ልጅዎ እያለች? ቦዲዋ ያልተነካ ከሆነ መቶ አርባ ሺ እሰጣለሁ። እሷ በማግኔቷ ትዙርልኝና ያለችውን እቀበላለሁ።»

መቶ አርባ ሺ። ለሚ ይመጣል፣ ሃያ ሺ ይተርፋል። አባዬ ማግኔቱን ከመሳቢያው አውጥቶ እጄ ላይ ካኖረ በኋላ ጎንበስ ብሎ በኦሮምኛ «ጀቤሲ ቀቢ» አለኝ፤ አጥብቀሽ ያዢው ማለቱ ነበር። ስቱኮው ጋ ስደርስ በአውራ ጣቴ ይዤው እንዳይወድቅ፣ ከዚያም «ብረት» እንድል መፈለጉ ገብቶኛል። ኦሮምኛ የማይሰሙት አቶ መኩሪያ የመኪናዋን መሪ ይደባብሱ ነበር፤ የሰማው ሸምሱ ግን ቀና ብሎ የኒሙን ዛፍ ማየት ጀመረ። አባቴ እንድዋሽ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር፤ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።

ከግራው የፊት ጎማ ጀመርኩ። ጠቅ፣ ብረት። ጠቅ፣ ብረት። አቶ መኩሪያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ በየእርምጃዬ እየተከተሉ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ይሉኛል። ኋላዋን ዞሬ ወደ ቀኙ ጎማ ስደርስ የአባዬ ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር። ማግኔቱን አስጠጋሁ። ለብዙ ዓመት ላቤ አዳልጦኝ ነው እያልኩ ለራሴ ስናገር ኖሬያለሁ፤ አላዳለጠኝም። ጣቶቼን ከፈትኳቸው። ማግኔቱን ሳልለቅ «ብረት» ማለት አቃተኝ፤ ለሚን ስለማልወድ ሳይሆን፣ ስታ የማታውቀው ጽጌ በዚያች ደቂቃ ከለሚ በልጣብኝ ነው። ማግኔቱ አቧራው ላይ ወደቀ፤ አልቀለብኩትም።

«ስቱኮ» አልኩ።

አቶ መኩሪያ ጎንበስ ብለው ቦታውን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉና «ዘጠና አምስት» አሉ። «ከዚህ በላይ ብሰጥ እኔ ሞኝ ነኝ።» ሸምሱ ለመናቸው፣ ማለላቸው፣ እናቴ ከጓዳ ወጥታ እግራቸው ላይ ወደቀች፤ እሳቸው እያፈሩ አነሷት እንጂ ዋጋውን አላነሱም። ጨካኝ ሰው አልነበሩም። ዘጠና አምስት ልክ ነበር፤ መኪናዋ የሌላ ሰው ብትሆን አባዬም የሚጠራው ያንኑ ነበር።

ሌላ ገዢ ለመጠበቅ ጊዜ አልነበረንምና በዚያው ተሸጠች። ለጎደለው አባዬ መፍቻዎቹን፣ ክሪኩን፣ ያቺን ረጅም ካቻቢቴ ሳይቀር ሸጠ፤ እናቴ የአንገቷን ወርቅ፤ እኔ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ መቂ አክስቴ ጋ ሽንኩርት ለቀማ ገባሁ። ገንዘቡ ሞልቶ የተላከው የጥምቀት ዋዜማ ነበር። ለሚ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሰ። ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት ቀናት የሰበሩት ቀኝ እጁ ያለ ሐኪም ስለገጠመ፣ ዛሬም ጣቶቹ አይጨብጡም።

አባዬ ስለዚያ ጠዋት አንስቶብኝ አያውቅም። ዕቃ ስላልነበረው የሰው ጋራዥ ውስጥ ተቀጥሮ ሠራ፣ መኪና መገመትም ተወ። ሊሞት ሰሞን ብቻ፣ እንዲሁ ባዶ ግድግዳ እያየ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ዘጠና አምስት ልክ ነበር» አለኝ። ልጄ ብሎ የጠራኝ ሊያጽናናኝ ይሁን ሊወቅሰኝ እስከ ዛሬ አልለየሁም። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በማታ ትምህርት በሃያ ሦስት ዓመቴ ጨርሼ፣ አሁን አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ፤ ልጆቹ «እትዬ ጽጌ አንዲት የተቀደደች ገጽ አታልፋትም» ይሉኛል።

ውኃውን ይዤ ስመለስ ለሚ ፍሪጁ ፊት ቆሞ ነበር። ከመጻሕፍት ካርቶኔ ውስጥ ያገኘውን ማግኔት በግራ እጁ እየለጠፈና እየነቀለ ይጫወታል። «ይቺ የአባዬ አይደለችም እንዴ?» አለኝ። «ምስኪን አባዬ! የሰውን ሁሉ ሲገምት ኖሮ በራሱ መኪና ተሸወደ እኮ። ያ ሸምሱ ነው የበላው።» ያን ጠዋት «ስቱኮ» ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ማንም ነግሮት አያውቅም።

ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ደረጃው ላይ ፍሪጁን በአንድ እጁ ከሥር እየደገፈ «ጀቤሲ ቀቢ!» ብሎኝ ነበር፤ ፍሪጁ የታሰረበት ገመድ መዳፌን እስኪቆርጠው ድረስ አልለቀቅሁም፣ ምልክቱ ገና አልጠፋም። ያን ጊዜ እውነቱን ለመናገር ጣት መክፈት ብቻ ይበቃኝ ነበር፤ ለማላውቀው ሰው ከፈትኩት። አሁን እውነቱ የሚገባው ሰው በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ፣ አፌን መክፈት አቃተኝ።

«ውኃህን ጠጣ» አልኩት።