ስማቸውን ያዋሱ እህትማማቾች

ኤዲልማ ኪንቴሮ የመርከብ ድርጅት ዳይሬክተር ነበረች። የሆቴል፣ የአልማዝና የወይን እርሻ ዳይሬክተርም ነበረች። ይህ ሁሉ ማዕረግ ተሸክማ በየማለዳው ከሳን ሚጌሊቶ ዳገት ወርዳ፣ ፓናማ ከተማ መሃል ወዳለው ሥራዋ ለመሄድ ከሕዝቡ ጋር አውቶቡስ ትጋፋለች። የእንጀራዋ ነገር የዶን አሪስቲዴስ የጥብቅና ቢሮ ጸሐፊነት ነው። ዳይሬክተርነቱ ምራቂ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባሕር ማዶ ያለ ሀብታም ስሙ እንዳይታይ ሲፈልግ እኛ ዘንድ ኩባንያ ያቋቁማል። ለኩባንያው ደግሞ ዳይሬክተር ያስፈልጋል። ስለዚህ የቢሮው ጸሐፊዎች፣ ሹፌሩና የጽዳት ሠራተኛዋ ስማቸውን ያውሳሉ። ዓርብ ከምሳ በኋላ የወረቀት ክምር ይቀርብና፣ ስለ ጎረቤት እየታማ፣ ስለ ሎተሪ እየተወራ ይፈረማል። ለገና ለእያንዳንዳቸው አንድ የአሳማ ጭን ይሰጣቸዋል። የኩባንያው ባለቤት ማነው፣ ገንዘቡስ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም። እውነቱን ለመናገር፣ በእኛ ሰፈር ያን የሚያህል ሥጋ አግኝቶ ጥያቄ የሚያበዛ ሰው አላውቅም።

አንድ ዓመት ሥራው በዝቶ ስም አጠረ። ኤዲልማ ታናሽ እህቷን ያሪዬላን አመጣቻት። ያሪዬላ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ የካሳቫ ጥብስ ትሸጥ ነበር፤ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ገባች።

«ምኑን አውቄ ነው የምፈርመው?» አለች።

«አንቺ ምን አገባሽ! ስምሽን ጻፊና ሥጋሽን ይዘሽ ሂጂ» አለቻት ኤዲልማ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ፤ ያሪዬላም ፈረመች።

ዓመታት አለፉ። የያሪዬላ ልጅ ማድሪድ ሄዳ አግብታ ወለደች። አያት የሆነችው ያሪዬላ ከካሳቫው ያጠራቀመችውን ለትኬት አውጥታ፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ተሳፈረች። ማድሪድ እንደደረሰች ፖሊስ ያዛት። እሷ በዳይሬክተርነት የፈረመችለት አንድ ኩባንያ፣ የሌላ አገር ሚኒስትር የበላውን ጉቦ አጥቦ እዚያው ማድሪድ ሕንፃ ገዝቶበት ኖሯል። ሚኒስትሩ ተሰውሯል፤ የካሳቫ ነጋዴዋ ተገኘች። የልጅ ልጇን ሳታቅፍ እስር ቤት ገባች። መከላከያዋ አንድ ነበር፦ «ፈረምኩ እንጂ ምንም አላውቅም።» እውነትም ነበር።

በዚያው ሰሞን የአገሮችን የገንዘብ ሥርዓት የሚመረምሩ ዓለም አቀፍ ገምጋሚዎች መጡ። አገራችን ቆሻሻ ገንዘብ ይታጠብባታል ተብላ ከተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር ከገባች ቆይታለች። የውጭ ባንኮች ይሸሹናል፤ ኢንቨስተር የተባለም ወደ ጎረቤት እየዞረ ነው። ገምጋሚዎቹ እውነት ጠርታለች ወይ ብለው ሊያዩ ነው የመጡት። ከተማው እንግዳ እንደሚመጣበት ቤት ጉዱን ሁሉ አልጋ ሥር አስገባ። ከዳይሬክተሮች አንዷን እናነጋግር ሲሉ፣ ዶን አሪስቲዴስ ኤዲልማን ጠራት።

«ኤዲልማዬ፣ የአገር ጉዳይ ነው።»

«የእኔ ጉዳይ እህቴ ናት፣ ዶን አሪስቲዴስ።»

«እሷን መች ረሳሁ! ከዝርዝሩ ከወጣን ቃላችን ይሰማል። ማድሪድ ጎበዝ ጠበቃ እኔው ራሴ አቆምላታለሁ። አንቺ ብቻ ባለቤቶቹን ታውቂያቸዋለሽ ወይ ካሉሽ፣ አዎ በይ።»

«ልዋሽ?»

«ማን ዋሺ አለሽ? ተማምነሽ ተናገሪ ነው ያልኩት።»

ኤዲልማ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ ቀረበች። ጠያቂዋ ድምጿ ለስላሳ የሆነ፣ መነጽር ያደረገች ሴት ነበረች። ኤዲልማ ይህች ሴትዮ እናት ትመስላለች ብላ አሰበች። እውነቱን ዘክዝኬ እህቴን ላድናት የሚል ሐሳብ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። ግን በሩ አጠገብ ዶን አሪስቲዴስ ቆሟል፤ ጠበቃው ደግሞ በእሱ እጅ ነው።

«ወረቀቱ ሲቀርብልሽ የኩባንያውን ባለቤት ታውቂዋለሽ?»

«ሁሉንም አውቃቸዋለሁ» አለች። ሴትዮዋ ቀና ብላ ስታያት፣ ያላመነቻት መሰላት። «የማናውቀው ሰው ወረቀት ላይ አንዳችንም አንፈርምም።»

ይህችን የመጨረሻዋን ማንም አላስጠናትም። ሴትዮዋ ካመነችኝ ለእህቴ ጠበቃ ይቆምላታል ብላ ከራሷ ጨመረች።

አገሪቱ ከዝርዝሩ ወጣች። ባንኮቹ ደገሱ፤ ቢሮውም የገና በዓል ሳይደርስ የአሳማ ጭን አከፋፈለ። ኤዲልማ ስለ ጠበቃው ስትጠይቅ ዶን አሪስቲዴስ «ነገ» አላት። ቀጥሎ «ሰሞኑን» አለ። በኋላማ እሷ ስትመጣ እሱ ስብሰባ ላይ ሆነ። ያን ሰውዬ ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ኤዲልማ ቤቷ ሳለች ስልኳ ጠራ። ያሪዬላ ነበረች፣ ከእስር ቤት።

«ኤዲ፣ ጉድ ሆኜልሻለሁ። ዓቃቤ ሕጉ የገምጋሚዎቹን ሪፖርት ይዞ መጣ።»

«የምን ሪፖርት?»

«የእኛን አገር ነዋ! አንዲት የቆየች ዳይሬክተር፣ የማናውቀው ሰው ወረቀት ላይ አንዳችንም አንፈርምም ብላለች ይላል። ዳኛዋ እኔን አፍጥጣ አየችኝ። ከእንግዲህ አላውቅም ብል ማን ያምነኛል?»

ኤዲልማ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ስሟን አልጻፉትም» አለች ያሪዬላ። «አንቺ ግን የየቢሮውን ሴት ሁሉ ታውቂያለሽ። እባክሽ እህቴ፣ አፈላልጊልኝ። ዋሽቼ ነው ብላ አንድ ቃል ትስጠኝ። አልቀየማትም በያት። እሷም እንደኔ ቸግሯት ይሆናል።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ኤዲልማ ዶን አሪስቲዴስን አሰበች። ለገምጋሚዎች የሚዋሽ ዘብጥያ ይወርዳል የሚለውን አዲሱን ሕግም አሰበች።

«ሰማሽኝ? ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም» አለች ኤዲልማ።