የለንደኗ አሮጊት ጡረታ

ልጅ ሳለሁ ጅብ አያስፈራኝም ነበር። የሚያስፈራኝ ድሮ እንግሊዝ አገር የነበረው የድሆች ቤት ነው። ይህን ፍርሃት ያስተማሩኝ ጋሽ ታደሰ ሲሆኑ፣ የተማርኩትም ካሊፎርኒያ፣ ሄይዋርድ ከተማ ውስጥ፣ በጠባቧ አፓርታማችን ኩሽና ነው። አባቴ የመብራት ሂሳብ ይንራል ብሎ ሂተር አያስከፍትም፤ ጋዙ ግን ኪራዩ ውስጥ የተካተተ ስለነበር እናቴ እራት ካበሰለች በኋላ የምድጃውን በር ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች። እኔና ታናሽ ወንድሜ ናሆም ምድጃው ፊት ቁጭ እንላለን፣ ውስጡ ያለችው ትንሽ አምፖል ፊታችንን ቢጫ ታደርገዋለች፣ አንዳንዴም የፈሰሰ ወጥ ከሥር ያርርና ቤቱ ጢስ ጢስ ይላል።

ጋሽ ታደሰ ከእኛ በታች አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አዲስ አበባ ሳሉ ረጅም ዘመን ታሪክ አስተምረዋል፤ ያኔ ግን ኦክላንድ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ቲኬት ይቆርጡ ነበር። አባቴ ታክሲውን ይዞ፣ እናቴም ካስትሮ ቫሊ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ለማታ ሺፍት ስትወጣ እኛን የሚጠብቁን እሳቸው ናቸው። የጦጣና የቀበሮ ተረት ስንለምናቸው «እሱን እናታችሁ ትንገራችሁ፤ እኔ የማውቀው የሆነውን ብቻ ነው» ይሉና ይጀምራሉ።

ለንደን ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ ስታጥብ የኖረች አንዲት አሮጊት አለች። እጇ ዝሏል። ሥራ ያቃተው ሰው መሄጃው የድሆች ቤት ነው፤ እዚያ ባልና ሚስትን ለያይተው ያሳድራሉ፣ የራስን ልብስ አስወልቀው የቤቱን ያለብሳሉ። ጋሽ ታደሰ የበሩን መንቋቋት በአፋቸው ሲያሰሙን ናሆም ብብቴ ሥር ይገባል። ከዚያ ጫማ ሰፊ አጎቱ ያሳደገው አንድ ሚኒስትር ብቅ ይላል፣ የሽማግሌዎች ጡረታ ሕግ ይወጣል፣ ገንዘቡ ከየት ይምጣ ሲባል ሚኒስትሩ ከባለጸጎች ይላል፣ የፓርላማው ጌቶች ይንጫጫሉ። አሮጊቷም ሰባ ዓመት ሲሞላት ፖስታ ቤት ሄዳ በመስኮቱ ጡረታዋን ትቀበላለች። እኛም እፎይ እንላለን።

እናቴ ሥራ በማትገባበት ማታ እግሯን እያሸች ታዳምጥ ነበር። አንዴ ጋሽ ታደሰ፣ የእንግሊዝ ሠራተኛ በየሳምንቱ ካርዱ ላይ ቴምብር እየተለጠፈለት ሲታመም የሚበላበት ገንዘብ ያገኝ እንደነበር ሲነግሩን ቀና አለች።

«ሳይሠራ፣ ጋሼ?»

«ሳይሠራ።»

«እኔ ታምሜ ሲክ ሊቭ ስጠይቅ እኮ ሱፐርቫይዘሬ ፊቷ ይጠቁራል» አለች። ድምጿ ቅሬታም አልነበረበትም። ወዲያው ወንበሩ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት።

ከዚያ የመኪና ማቆሚያው ሰዎቹን አስወጥቶ ማሽን አስገባ። በዚያ ዕድሜያቸው ማን ይቀጥራቸዋል? ጋሽ ታደሰ ከሳምንት ሳምንት እየመነመኑ ሄዱ፣ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ሰፋ። እናቴ እራት ስታቀርብ «በልቻለሁ» ይላሉ። «በሞቴ» ትላለች። «ኧረ በልቻለሁ ልጄ» ይላሉ። ደግማ ደጋግማ ስትለምናቸው ነው የሚቀመጡት። ሲቀመጡ ግን የራበው ሰው እጅ ይታወቃል።

«ጋሼ፣ ለመንግሥት የምግብ እርዳታ አፕላይ ያድርጉ» አለቻቸው አንድ ቀን። «ስንት ዘመን ታክስ ከፍለዋል፤ የእርስዎ ነው።» ዛሬ ነገ እያሉ ቆይተው እሺ ሲሉ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበርና እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ክራቫት አስረው ነበር።

ኦክላንድ፣ የእርዳታው ቢሮ ውስጥ የተቀበለችን ወጣት ሴት ደግ ፊት ነበራት። ቤት ውስጥ በቂ ምግብ አላቸው ወይስ ተቸግረዋል ብላ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ታደሰ በዚያ በመምህር እንግሊዝኛቸው «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ፤ ከእኔ የባሰበት ይቅደም» አሏት። እሷም ከልቧ ደስ አላት። ሁኔታዎ ከተለወጠ በማንኛውም ጊዜ ይመለሱ ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ጋሽ ታደሰ አልተነሱም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ጠበቁ። ምን እንደሚጠብቁ እኔ አውቃለሁ፤ በየማታው ቤታችን የማየው ነገር ነው። ልጅቷ ግን ቤታችን መጥታ አታውቅም። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ ስትላቸው ተነሱ፣ ጎንበስ ብለው አመሰገኗትና ወጣን።

ባቡር ስንጠብቅ «ጥሩ ልጅ ናት» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው «አልደገመችም እንጂ» አሉ።

እናቴ ስትሰማ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ኩሽናው መሃል ቆማ ቀረች። «መብት ነው፣ ምጽዋት አይደለም እያሉ ልጆቼን ሲያስተምሩ የከረሙት እርስዎ አይደሉም እንዴ? አሮጊቷ ወሰደች አይደል?»

«እሷን ራበሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም» አሉ ቀስ ብለው። «ምንም አልጠየቋትም። ዕድሜዋ ሞላ፣ ተሰጣት፣ አለቀ።»

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ መጠየቅ ተወች። ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ሰሃኑን እሳቸው የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ከድና አስቀምጣ ትሄዳለች። እሳቸውም መጥተው ይበላሉ፣ ሰሃናቸውን ራሳቸው ያጥባሉ፣ ስለ ነገሩ የሚናገር ሰው የለም። የእንግሊዝ ታሪክ ግን በዚያው ቆመ። አንዴ አሮጊቷን ይንገሩን ብላቸው «ደከመኝ ልጄ» ብለው ቴሌቪዥኑን ከፈቱልን። በኋላ የእህታቸው ልጅ ላስ ቬጋስ ወሰደቻቸው። ማረፋቸውን የሰማነው በስልክ ነው። እናቴ ስልኩን ዘግታ ብዙ አለቀሰች።

ዛሬ ፍሪሞንት ሆስፒታል ውስጥ እሠራለሁ። በሽተኞች ወደ ቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት ኮምፒውተሩ የሚያዘኝን እጠይቃለሁ፤ ቤት ምግብ አለ ወይ የሚለውም አለበት። ሽማግሌዎቹ አብዛኞቹ ደህና ነኝ ይላሉ። አንዳንዴ ደግሜ እጠይቃለሁ፤ ሲደክመኝና ሰልፉ ሲረዝም ግን አልደግምም።

ኮሌጅ እያለሁ ስለዚያ የጡረታ ሕግ አነበብኩ። ለካ አሮጊቷን ጠይቀዋታል። ገቢሽ ስንት ነው፣ አቅም እያለሽ ሰንፈሽ ታውቂያለሽ ወይ፣ ታስረሽ ነበር ወይ፣ በቅርቡ የድሃ እርዳታ ተቀብለሻል ወይ ብለዋታል። መልሱ ያላማራቸውን መልሰዋል። ጋሽ ታደሰ ይህን ስንት ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ አልረሱትም። መጀመሪያ፣ ለልጅ ስለሚነገር ክፉ ክፉውን ዘለውልን ነው ብዬ ነበር። ግን የድሆች ቤቱን በር መቼ ዘለሉት? ያችን አሮጊት ለራሳቸው ነበር የሚያወሯት። የማይጠይቅ መስኮት እንግሊዝ አገርም አልነበረም። ይህን እያወቁ ነው ክራቫታቸውን አስረው ኦክላንድ የሄዱት።