ሰላምታው እየሄድን

አላመንኩም። አሁንም አላመንኩም። ዛሬ ጠዋት አብረን ሄደን፣ በራቸው ላይ ተለያይተን፣ «ነገ ጃኬት ልበስ፣ ብርዱ ጠንክሯል» ብለውኝ የገቡ ሰው፣ እኔ ሱቄን ከፍቼ ሳልጨርስ ሞቱ ተባለ።

የደወለልኝ ልጃቸው ናስር ነው። «አባባ ጫማውን ሊያወልቅ ተቀመጠ፣ በዚያው ቀረ» አለኝ። ሱቁን እንደከፈትኩት ትቼ ሮጥኩ።

ቡታጅራ ያላችሁ ጋሼ ሸምሱን ታውቋቸዋላችሁ፣ የበርበሬ ነጋዴው። ለማታውቋቸው፣ ሱብሂ፣ የንጋቱን ሶላት፣ ሰግደው እንደወጡ በገጠሩ መንገድ እስከ ድልድዩ በእግራቸው ደርሰው የሚመለሱ፣ ዝናብ ቢዘንብ ጭቃ ቢሆን የማይቀሩ ትልቅ ሰው ነበሩ። መኪና አጥተው አይደለም እኮ። ግቢያቸው ውስጥ ቆሟል።

መጀመሪያ አካባቢ ሰው ተቀይሟቸው ነበር አሉ። የእኛን አገር ሰላምታ ታውቁታላችሁ። ትልቅ ሰው ካገኘህ ትቆማለህ፣ እጅ ትይዛለህ፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ የታመመውን ሁሉ ሳትጠይቅ አትለቅም። ጋሼ ግን አይቆሙም። እጅህን እንደያዙ ይዘውህ ይሄዳሉ። «ሰላምታው እየሄድን!» ነው የሚሉት። ሰዉ ንግዱ ሞልቶላቸው ኮሩ ብሎ አማቸው። ሽማግሌዎች ቤታቸው ድረስ ሄደው ምን በደልንህ ብለው ጠየቁ። እሳቸውም ሰላምታ አልጠላሁም፣ መገተር ነው የጠላሁት ብለው መለሱ። ብዙም ሳይቆይ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከጎናቸው ሲሄድ ታየ።

እኔም የተያዝኩት በሰላምታ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ከማሽኑ የምነሳው ለምሳ ብቻ ነበር። ስኳር አለብህ ከተባልኩ ወዲህማ ሰው ማየትም አስጠልቶኝ ነበር። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን የማለዳ ጸሎት ስመለስ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና «እንዴት አደሩ ጋሼ» አልኩ፣ በቃ። እጄን ያዙኝ። ቤትህ እንዴት ነው፣ ጤናህስ እያሉ ሲጠይቁኝ ለሚስቴ እንኳ ያልነገርኩትን የስኳሩን ነገር ዘረገፍኩት። ቀና ስል ድልድዩ ላይ ደርሰናል። ላብ በላብ ሆኜ አለከልካለሁ። ስንመለስ ሰላምታችን ስላላለቀ ነገም እንቀጥላለን አሉኝ።

በዚያው ቀጠልን። እንቅልፍ የሚባል ነገር ተመለሰልኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር መጮህ ተወ። መድኃኒቴን አላቆምኩም፣ ግን ስኳሬ ወርዶ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ምን አድርገህ ነው ስትለኝ ሰላምታ ነው አልኳትና አብዷል ብላ ሳቀች። ከሁሉ ከሁሉ ግን፣ ጠዋት ስነሳ በራቸው ላይ የሚጠብቀኝ ሰው ነበረኝ።

ለቅሶው ላይ አንዱ፣ «ይኸው፣ ያ ሁሉ መንገድ ምን ጠቀማቸው?» ሲል ሰማሁት። ደሜ ፈላ። ለቅሶ ቤት መጨቃጨቅ ነውር ስለሆነ እዚህ ልመልስለት። ጋሼ የሚሄዱት ላለመሞት አልነበረም። ታላቅ ወንድማቸው ስትሮክ መቷቸው ለዓመታት አልጋ ላይ ሲቀሩ፣ ያጎረሷቸውም ያገላበጧቸውም ጋሼ ናቸው። አንድ ቀን ድልድዩ ላይ ሆነን ውሃውን እያዩ፣ «እኔ የምሄደው ናስር እንዳያገላብጠኝ ነው» አሉኝ።

ይኸው ማንም አላገላበጣቸውም። በገዛ እግራቸው ቤታቸው ገቡ። ይህን እያሰብኩ ልጽናና ብል አልሆነልኝም።

መቃብሩ ራቅ ስለሚል መኪና ተዘጋጅቶ ነበር። ናስር አይሆንም አለ። በትከሻ ተሸክመናቸው በእግር ወጣን። ያገኘን ሁሉ ባጃጁን እያቆመ፣ ጋሪውን ለሰው አደራ እየሰጠ ከኋላ ገባ። ከቆሼ ከተማ ድረስ የመጡ ነበሩ። ስንት ጊዜ ያልተያየ ሰው እዚያ ተገናኘ፤ ማንም ግን ቆሞ ሰላም የሚባባል አልነበረም። እጅ ለእጅ ተያይዞ እየሄደ ነው የሚጠያየቀው። እስከዚያ ድረስ ችዬ ነበር፣ ያንን ሳይ ግን አለቀስኩ።

ጋሼ ሸምሱ፣ አላህ ጀነቱን ይስጥዎ፣ እርስዎ ለሌላው እንደሚሉት። ነገ በበርዎ ማለፍ እንዴት እንደምችል አላውቅም። ፈርቻለሁ። ቤቴ ብቀር ደግሞ ስኳሩም እንደሚመለስ፣ ያ ሰው ማየት መጥላቴም እንደሚመለስ አውቃለሁ። ደህና ይሁኑ ልልዎት ነበር፤ ቆሜ መሰናበት ግን ከእርስዎ ጋር አልለመድኩም።

ጃኬቴን አውጥቼ በሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ስንብቱንም ነገ፣ እስከ ድልድዩ፣ እየሄድኩ።